ዐረፍተ ነገር አስጨራሹ መምህር ጃታኒ

የማባዣ ቀለምና የእርጥብ ጠመኔ ሽታ ድንገት ሽው ሲለኝ ነጌሌ ነኝ፤ ዘመኑ የዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ከፊቴም ክቡር መምህር ጃታኒ ቆመዋል። ሰው የጀመረውን ዐረፍተ ነገር ካላስጨረሰ የበላው የማይረጋለት አስተማሪ የሌለበት ከተማ የለም። የእኛው እሳቸው ነበሩ።

እኔ አማርኛ፣ እሳቸው እንግሊዝኛ እናስተምር ነበር። በጥንቱ መጽሐፍ ያደግነው ሰዋስውን በቃላችን ሸምድደን ነው። እሳቸው ግን «ዘ ሞር… ዘ ሞር» የሚባለውን፣ አንዱ በጨመረ ቁጥር ሌላውም ይጨምራል የሚለውን የእንግሊዞች አነጋገር፣ ከብት በሚጠጣበት በዱብሉቅ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ያስረዱ ነበር። ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ባልዲ ይቀባበላሉ፤ የታችኛው ባፈጠነ ቁጥር የላይኛው ያፈጥናል። የላይኛው እጁን ካልዘረጋስ ውሃው የት ይገባል? እናም የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ጽፎ የሚያስረክብ ተማሪ፣ በእሳቸው ሕግ፣ ከብት ያስጠማ ሰው ነው።

ችግሩ ሕጉን ከክፍል ውጭም ይዘውት መዞራቸው ነበር። ባለ ሻይ ቤቷ ሳዲያ ስኳር ተወደደ ብላ ብታማርር «በተወደደ ቁጥርስ?» ይሏታል።

«ሻዩ ይመርዎታል፣ ጋሼ» አለቻቸው አንድ ቀን፣ ብርጭቆውን እያስቀመጠች።

ሙሉ ማርክ ሰጧት። ለቅሶ ቤት እንኳ አጽናኙን ሊያርሙ ሲነሱ ጎናቸውን ጎሸም አድርጌ አስቀምጫቸዋለሁ።

አንድ ምኞት ነበራቸው፤ ጡረታ ሲወጡ ጠመኔያቸውን የባለሱቁ የራሺድ ልጅ ፋርሂያ እንድትረከብ። ያልነገሩት ሰው የለም። ከሰዓት በኋላ ለብቻዋ ያስጠኗታል፤ እኔም ጥግ ይዤ ደብተር አርማለሁ።

የዩኒቨርሲቲ ምደባ የመጣ ለታ ፋርሂያ መምህራን ክፍል ገባች።

«አካም፣ መምህር፣ ናጋ?»

«ናጋ፣ ልጄ።» ወሬዋን ሳይሰሙ፣ እንደ ልማዳቸው፣ ዐረፍተ ነገር ጠየቋት።

ጥቂት አሰበችና በእንግሊዝኛ አንድ ተናገረች። ባማርኛ ሲሆን፣ መምህሩ በበረታ ቁጥር ተማሪዋ ትርቃለች ማለት ነው። ቀጥላ በኦሮምኛ፣ ዐይናቸውን ሳታይ፣ ጎንደር ሕክምና እንደደረሳት፣ ጠመኔውን እንደማትረከብ ነገረቻቸው።

መምህር ጃታኒ የቀይ እስክሪብቷቸውን ክዳን ከፈቱ፣ መልሰው ገጠሙት።

«ልክ ነው» አሉ በቀስታ። «አንድም ስህተት የለውም።»

ያን ያህል ዘመን ባረሙኝ ቁጥር የተነጫነጭኩ ሰውዬ፣ ያን ጊዜ ቢያርሙኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። ሆን ብዬ «ልጆች ባደጉ ቁጥር…» አልኩና አንጠልጥዬ ጠበቅኳቸው።

ኮፍያቸውን አነሱ፤ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይሉን ወጡ።