ሐጂ ይመር አረቄ የገዙላት ቀንድ አውጣ

ሰው መመደብ ይወዳል። እናንተም ሚኒባስ ገብታችሁ ገና ሳትደላደሉ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ከጫማው እስከ አነጋገሩ አይታችሁ ቦታ ቦታውን አስይዛችሁታል፤ አትካዱኝ። በጦርነቱ ጊዜማ «ከየት ነህ?» ብቻ ይበቃ ነበር። እኔ ግን መመደብ እንጀራዬ ስለሆነ አልቸኩልም። ባሕር በሌላት ወልድያ ተቀምጬ፣ ከጅቡቲ ዳርቻ ያመጣኋትን ዛጎል የሌላት የባሕር ቀንድ አውጣ ጀርባዋ ላይ ያለውን መተንፈሻ ስመረምር፣ ምላሷ ላይ የተደረደረውን ጥርስ በማይክሮስኮፕ ሳይ ዓመታት ፈጅቻለሁ። ጣት አታክልም። እስካሁን ማንም ስም አላወጣላትም፤ ሌላ ስላላገኘሁ፣ እኔም ላወጣላት የምችለው ያቺው አንዷ ሳትበላሽ በእጄ እስካለች ድረስ ነው።

ጦርነቱ ሲቃረብ አልኮል ውስጥ እንደተነከረች በብልቃጥ ይዣት ወደ ደሴ ሸሸሁ። የኬላው ፍተሻ ሲበዛብኝ መርሳ ላይ የቀድሞ አከራዬ ሐጂ ይመር ዘንድ ጎራ አልኩ። ሐጂ የአገር ሽማግሌ ናቸው፤ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ፊት ይታረቃል። ፈሳሹ አልኮል እንደሆነ፣ ከደረቀም ቀንድ አውጣዋ እንደምትበላሽ ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

«ይጠጣል?» አሉኝ።

«ኧረ አይጠጣም።»

«እንግዲያስ አማና ነው፤ አስቀምጥ።»

ጦርነቱ አልፎ ስመለስ አንዱን የባጃጅ ሹፌር «ሐጂ ይመር ደኅና ናቸው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እኒያ መጠጥ የጀመሩት?» አለኝ። ክው አልኩ።

ኋላ እንደሰማሁት፣ የብልቃጡ ክዳን ተሰንጥቆ ፈሳሹ ይጎድላል። ፋርማሲው ተዘርፏል። የቀረው አረቄ ቤት ብቻ ነው። ታዲያ ሰው ቢልኩ፣ ወይ ሲመሻሽ ተከናንበው ቢሄዱ ምን ነበረበት? ሐጂ ግን ተደብቆ መግባት የጠጪ ነው ብለው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቆባቸውን እንደደፉ ገብተው ጠንካራውን አስቀዱ። አገር አየ። ወዲያው መደባቸው።

ብልቃጡን ሲያወጡልኝ ቀንድ አውጣዬ ምንም አልሆነችም። እንባዬ መጣ።

«ሐጂ፣ ዛሬውኑ መስጊድ በር ቆሜ እውነቱን እናገራለሁ። ስሟንም በእርስዎ ስም አወጣለሁ» አልኳቸው።

«አብሽር፣ ተወው ልጄ» አሉ እጄን ይዘው። «ዱሮ ሰው እኔ ዘንድ የሚመጣው ጥፋቱን አጣጥቦ ነበር። አሁን ጎረቤቱ ሲሸሽ በሩን ነቅሎ የወሰደው፣ ጤፉን የጫነው፣ ‹ሐጂም እንደኛው ናቸው› እያለ መጥቶ አልቅሶ ይነግረኛል። የወሰደውንም ይመልሳል። ንጹሕ ነህ ከተባልኩ ማን ይመጣል?»

ስሟን በሌላ አወጣሁላት። የሐጂንም ስም ቀይሬ ነው የጻፍኩላችሁ።

ያን ቀን ስወጣ አንድ ሰውዬ የሰው በር ተሸክሞ ደጃፉ ላይ ያመነታል። በእጄ ከያዝኩት ብልቃጥ አረቄው ሲሸተው ፊቱ ፈታ አለና ወደ ውስጥ ገባ።