ሰባተኛው ጠረጴዛ

በየትኛውም የወላጆች ስብሰባ ላይ ይህ ሰው አይጠፋም። ሰብሳቢው «እንግዲህ ጨርሰናል» ብሎ፣ ሰዉ ኮቱን ደርቦ ሊነሳ ሲል፣ ከኋላ አንድ እጅ ብድግ ይላል። አዳራሹም በአንድ ላይ «ኡፍፍ!» ብሎ ተመልሶ ይቀመጣል።

በዚህ ትምህርት ቤት እጁ የአንድ አናጢ ነው። ወላጆቹ «ክቡር ጥያቄ አለኝ» የሚል ማዕረግ ሰጥተውታል።

«ጥያቄ አለኝ» ይላል፣ ቆቡን አውልቆ። «የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ስድስት ምክትል ኃላፊ አለው። ጠረጴዛቸውን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ቁጥሩን አልሳሳትም። እዚህ ግን ያለችን የሂሳብ መምህርት አንዲት ብቻ። ስድስቱ ምን ይሠራሉ? ባይሠሩስ ማን ይጠይቃቸዋል?»

«ይታያል» ይባላል። በሚቀጥለው ስብሰባ እጁ እንደገና ብድግ!

«ጋሼ፣ በእናትዎ! ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት» ትለዋለች ጎኑ የምትቀመጠው ባለሱቅ።

አንዴማ ከምክትሎቹ አንዱን ለቅሶ ቤት አግኝቶት፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ካለው በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያቺ ጥያቄስ?» ብሎታል።

ነገሩ ለእሱ ቀልድ አልነበረም። እናቷ ከሞተች ወዲህ እሱ የሚያሳድጋት የልጅ ልጁ ቁጥር ባየች ቁጥር ታለቅስ ነበር። በዚህች መምህርት እጅ ከገባች በኋላ ግን ሜትሩን ከእጁ ቀምታ፣ «አባባ፣ ሁለት ሴንቲ ተሳስተሃል» ማለት ጀመረች። በሙያው ተሳስቶ የማያውቀው ሰውዬ፣ ይህንን ለመስማት ሲል በየቀኑ ይሳሳትላታል።

አንድ ቀን ጽሕፈት ቤቱ ሰባተኛ ጠረጴዛ አዘዘው። ሁሉን የሚጠይቀው ሰው ያን ቀን «ለማን ነው?» አላለም። ሥራ ስላገኘ አምላኩን አመስግኖ፣ ጠርዙን አለስልሶ፣ መሳቢያውን በአንድ ጣት እንዲከፈት አድርጎ ሠርቶ ወሰደው።

በሩ ላይ «የወላጆች ጥያቄ መልስ ሰጪ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ባዶው ክፍል መሃል፣ ወንበር ላይ፣ የሂሳብ መምህርቷ ተቀምጣለች።

«ልጄ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«የእርስዎ ጥያቄ በዛ ተባለና… መልስ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል አሉ። ከሰኞ ጀምሮ ወደዚህ አዛወሩኝ።»

«የልጆቹ ክፍልስ?»

መልስ ሰጪዋ ከቦርሳዋ የጠመኔ ካርቶን አውጥታ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠች። በአንድ ጣት ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ የልጅ ልጁ ሜትሩን ቀምታው አታውቅም። እሱ ግን ምናልባት እያለ ሁለት ሴንቲ መሳሳቱን አልተወም።

በቀጣዩ ስብሰባ ሰብሳቢው «ጨርሰናል» አለ። ሰዉ ኮቱን ደረበና እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ዞረ። የአናጢው እጅ ጉልበቱ ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ ዛሬ እጅዎን አመመዎት እንዴ?» አለች ባለሱቋ በሹክሹክታ።

«ጠይቄ ያመጣሁትን አየሽ አይደል? ይበቃኛል።»

 ስብሰባ ላይ አንድም ቀን ተናግራ የማታውቀው ባለሱቅ እጇን አነሳች።

«ጥያቄ አለኝ። መምህርታችን መቼ ነው የምትመለሰው?»

«በጽሑፍ ለመልስ ሰጪዋ ያቅርቡ» አለ ሰብሳቢው። መምህርቷ ጥግ ላይ ሆና፣ ቀና ሳትል ጥያቄውን ጻፈች።

ማንም «ኡፍ» አላለም። አዳራሹ አንድ በአንድ ኮቱን አውልቆ ተቀመጠ።