ሙጫው እስኪደርቅ

ከሰበታ እስከ ሱሉልታ፣ የልጁን የቤት ሥራ የሚሠራ አባት የሌለበት አፀደ ሕፃናት የለም። በእኛ ትምህርት ቤት ማዕረጉን የያዙት ክቡር ኢንጂነር ጌዲ ናቸው፤ ከወላይታ መጥተው እዚህ ሱሉልታ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠሩ፣ የአምስት ዓመቷ አቤኒ አባት።

ልጆቹ በእጃቸው እየነኩ እንዲማሩ በየሳምንቱ ከወዳደቀ ነገር አንድ ዕቃ ሠርተው እንዲያመጡ አዝ ነበር። የካርቶን ቤት አዘዝኩ፤ ደረጃና ዲሽ ያለው ባለሁለት ፎቅ መጣ። የወረቀት ወፍ አዘዝኩ፤ ክሩ ሲሳብ ክንፉን የሚያራግብ ንስር መጣ። ዘበኛችን ኦቦ ዲኖ ገና ከሩቅ ሲያዩአቸው፣ «መምህርት፣ ኢንጂነሩ መጡ፤ ትልቁን በር ልክፈት?» ይሉኝ ነበር።

ከኋላቸው አቤኒ ንጹሕ እጆቿን እያወዛወዘች ትከተላለች። ማን እንደሠራው ስጠይቃት አባቷ ይቀድሟታል፤ «እኔ እኮ ያዝኩላት እንጂ ራሷ ናት የሠራችው።»

ታዲያ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ መቀስ ብሰጣት፣ በሁለት እጇ ይዛው አለቀሰች። የቤት ሥራውን አስቀረሁ። ከእንግዲህ ሁሉም እዚሁ፣ በልጆቹ እጅ ብቻ እንዲሠራ አወጅኩ። ወላጅ ሲያናግራት ጣሪያ ለምታይ እንደ እኔ ላለች መምህርት ትልቅ አዋጅ ነው።

በወሩ አቤኒ ከጁስ ካርቶንና ከውሃ ክዳን አንድ የተንጋደደ መኪና ሠራች። ሦስት ጎማ ብቻ ስለደረሳት ባጃጅ ነው አለች። አባቷ ሊወስዷት ሲመጡ የፊቱን ጎማ ሊያቃኑ እጃቸውን ሰደዱ።

«አባዬ፣ ተው። የኔ ነው።»

ኢንጂነሩ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። እኔ በልቤ አጨበጨብኩ።

በማግስቱ ልጅቷን ካስገቡ በኋላ በሩ ላይ ቀሩ። ለቤት የሚሰጥ ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቁኝ። እናቷ ቤይሩት ናት፤ እሳቸው ደግሞ ከልጅ ጋር ማውራት አይችሉበትም።

«ሙጫው እስኪደርቅ ስንጠብቅ ነበር የሚመሽልን» አሉ፣ ጫማቸውን እያዩ።

ማታ የተከራየኋት ክፍል ገብቼ ሁለት የቲማቲም ድልህ ጣሳዎች በሳሁና በረጅም ክር አገናኘኋቸው፤ የጣሳ ስልክ። አንዱን ወንበር ላይ አስቀምጬ ሌላውን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ከጎረቤት ቴሌቪዥን በቀር ምንም አይሰማም። ክሩን ማዶ ሆኖ የሚወጥርና የሚናገር ሰው ይፈልጋል። ወንበሩን አራቅኩት፣ አቀረብኩት፤ ብቻውን ላለ ሰው በምንም ብልሃት አይሠራም።

የምፈልገውም ይህንኑ ነበርና ደስ አለኝ። ሰኞ የቤት ሥራ ሰጠሁ፤ አንዱ ጣሳ ለልጅ፣ አንዱ ለወላጅ።