ሊቀ መንገድ ንጉሡ በድልድዩ ሥር

መንገድ የማይጠፋው ሰው ከየቤተዘመዱ አይጠፋም። ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ መኪና ውስጥ ገብታችሁ ቀበቶ ሳታስሩ "በየት ልትሄዱ ነው?" ይላችኋል። መልሳችሁን ሲሰማ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። አድራሻ መስጠት እሱን መስደብ ነው፤ መንገድ ጠይቅ ማለት ደግሞ ከስድብም የባሰ ነው። ፈልጎ ያጣው ቤት ቢኖር እንኳ የጠፋው ቤቱ ነው እንጂ እሱ አይደለም።

የዓለምዘርፍ ይህን ዓይነቱን ሰው የምታውቀው ከሩቅ አይታ አይደለም፤ አግብታዋለች።

ባሏ ንጉሡ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ መንዳት የጀመረው ፀጉሩ ጥቁር ሳለ ነው፤ ያቆመው ከሸበተ በኋላ ነው። ጓደኞቹ "ሊቀ መንገድ" የሚል ማዕረግ ያወጡለት ለቀልድ ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀበለው። ሊቀ መንገድ ንጉሡ ካርታ አይገልጡም፤ ስልክ ውስጥ ተቀምጣ ታጠፉ፣ ተመለሱ የምትለውንም ሴትዮ አይሰሙም። "ይሄንንማ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ" ይላሉ። የዓለምዘርፍ አጠገባቸው ተቀምጣ፣ አንዳንዴ እውነትም የጨፈኑ ይመስላታል።

ታዲያ ታክሲውን ባስረከበ ሰሞን አንድ ማለዳ፣ ላንድማርክ ሰፈር ካለው አፓርታማቸው መስኮት ቆሞ ቁልቁል ሀይዌዩን ሲያይ ቆየ።

"ዓለሜ" አላት፣ "ሰውን ሁሉ ወደሚሄድበት አደረስኩ። እኔ ግን የትም ደርሼ አላውቅም።"

ኤርፖርት ያደርሳል፣ ይመለሳል። ባቡር ጣቢያ ያደርሳል፣ ይመለሳል። ሻንጣ ለማውረድ ካልሆነ ከመኪናው የወረደበት ጊዜ አልነበረም። የዓለምዘርፍ ልትስቅበት አፏን ከፍታ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። በሳምንቱ አውቶቡስ የሚያክል አሮጌ አር ቪ እየነዳ መጣ። ቤትም ነው፣ መኪናም ነው፤ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መታጠቢያ አለው። አፓርታማውን ለቀን እዚህ ውስጥ እንኑር፣ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር እናዳርሳት አላት። እሷም ከሆስፒታል ሥራዋ ገና ጡረታ መውጣቷ ነበርና እስቲ እንሞክረው አለች። ሲልቨር ስፕሪንግ ከባሏ ከይስሐቅ ጋር የምትኖረው ልጃቸው ዮዲ ወሬውን ስትሰማ "አባ፣ አር ዩ ሲሪየስ?" አለች። አባቷ ሲሪየስ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ጉዞ ለየዓለምዘርፍ አንድ ትምህርት ሰጣት። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ያልታሰረ ዕቃ ሁሉ በራሪ ነው። ገና ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ የሽሮው ዕቃ ከላይኛው መደርደሪያ ወርዶ ሾፌሩን ከራስ ፀጉሩ እስከ ጉልበቱ አለበሰው። ከዚያ ወዲያ ድስቱን በገመድ፣ ብርጭቆውን በካልሲ፣ መሳቢያውን በቀበቶ ማሰር ለመደች። መተላለፊያው ለአንድ ሰው ብቻ ስለሚበቃ፣ ንጉሡ ወደ ኋላ ሊያልፍ ሲፈልግ እሷ አልጋው ላይ ትወጣለች። ገላ መታጠብ ማለት ሳሙና ተቀብቶ ውሃው ከማለቁ በፊት መሽቀዳደም ነው። የፍሳሹን ቱቦ መግጠምና መንቀል የሊቀ መንገድ ሥራ ነበር፤ እሳቸውም ለቀዶ ጥገና እንደሚገባ ሐኪም ጓንታቸውን ጎትተው አጥልቀው፣ ማንም እንዳያናግራቸው አስጠንቅቀው ይወጡ ነበር።

ግን ደግሞ ጠዋት በሩን ስትከፍት የሚጠብቃት ነገር ነበር። የትናንቱ ተራራ የለም፤ በቦታው ሐይቅ ተኝቷል። የትናንቱ ጎረቤት ሄዷል፤ በቦታው ሁለት ውሻ ያላቸው ሽማግሌ ወንበር ዘርግተው "ጉድ ሞርኒንግ" ይሏታል። ያን ሁሉ ዓመት ከአንድ መስኮት አንድ የመኪና ማቆሚያ ስታይ ለኖረች ሴት ይህ እንደ ሕፃን የሚያስቦርቅ ነገር ነው። አንዳንድ ጠዋት ገና ሳትታጠብ፣ በነጠላ ጫማዋ ወርዳ ያደሩበትን አገር ትዞረው ነበር። ወደ ዋሽንግተን አካባቢ ሲመለሱ ደግሞ እሑድ እሑድ ፌርፋክስ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ አር ቪው የማቆሚያውን ጥግ ሙሉ ይይዛል፤ ከቅዳሴ በኋላ እናቶች ቁም ሣጥኑን ሳይቀር እየከፈቱ ይጎበኙታል፣ የሚያጠቡት ገብተው ልጆቻቸውን ያስተኙበታል። ለፓርኪንግ አስተባባሪው ካልሆነ በቀር ለሁሉም በረከት ነበር።

ጉዞው ግን በሊቀ መንገድ እጅ ነው። ናያግራ ፏፏቴን ሊያዩ ተነስተው ኦሃዮ ውስጥ አንድ የበቆሎ ገበሬ በር ላይ ደረሱ። ንጉሡ ፏፏቴው ሩቅ እንዳልሆነ ለገበሬው አስረዳው፤ ገበሬው ሚስቱን ጠርቶ ይህን ድጋሚ አስነገረው፤ ከሳቁ በኋላ አንድ ቅርጫት እሸት ሰጥተው እዚያው አሳደሯቸው። ሌላ ጊዜ ፔንሲልቫንያ ውስጥ እየተሽከረከሩ ዋሉ፤ ቤንዚናቸው ሊያልቅ ሲል የፈረስ ጋሪ የሚነዱ ባርኔጣ ያደረጉ ሰውዬ ከፊት ከፊታቸው እየሄዱ አወጧቸው። ንጉሡ መንገድ ጠይቆ አልነበረም። "ፈረሱ ቆንጆ ስለሆነ ነው የተከተልኩት" ብሎ ለየዓለምዘርፍ ነገራት።

እሷም ትቆጣለች፣ ትነዘንዛለች፣ ለዮዲ ደውላ "አባትሽ ዛሬም አጠፋኝ" ትላለች። ዮዲ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ስትወልድ እናቷ አጠገቧ እንድትሆን ቃል አስገብታታለች። የዓለምዘርፍም ቀኑ ከመድረሱ በፊት ሲልቨር ስፕሪንግ ለመግባት አስባ፣ እስከዚያው ቨርጂንያ ውስጥ ከሸናንዶዋ ተራሮች ሥር ሰፍረው የበልጉን አበባ ያዩ ነበር።

ምጡ ከታሰበው ቀን ቀድሞ መጣ። አንድ ጠዋት ይስሐቅ ደውሎ፣ ሆስፒታል ገብተናል፣ ሐኪሞቹ ዛሬ ነው ብለዋል አለ። ከኋላ የዮዲ ድምፅ "እማዬ መጣች?" ሲል ተሰማ። የዓለምዘርፍ ድስቱን ሳታስር ዘላ ገባች። ንጉሡ ሞተሩን አስነሳና እንደ ወጣትነቱ ነዳው። እስከ ፌርፋክስ ያለ ችግር መጡ። እዚያ ላይ ሀይዌዩ ተዘጋ፤ ዓይን እስከሚያይበት ድረስ የቆመ መኪና ብቻ ሆነ።

ንጉሡ እንደዚያን ጊዜ ደስ ብሎት አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመው ዕውቀት ለዚህች ቀን ነበር። ከሀይዌዩ ወጥቶ በሰፈር ውስጥ ተጠማዘዘ፣ አንድ ወንዝ ዳር ዛፍ ጥላ የጣለበት ቆንጆ መንገድ ላይ ገባ። መግቢያው ላይ ትልልቅ መኪና እንደማይገባ የሚናገር ምልክት ቆሟል። የዓለምዘርፍ አሳየችው።

"ያ ለጭነት መኪና ነው" አላት። "እኛ ቤት ነን።"

በዚህ መንገድ በታክሲው ስንት ጊዜ ማለፉን እየነገራት ሳለ ከፊታቸው አንድ የድንጋይ ድልድይ ታየ፤ ያረጀ፣ ሐረግ የወጣበት፣ መንገዱ ላይ ዝቅ ብሎ የጎበጠ። የዓለምዘርፍ ስለ ቁመታቸው አንድ ነገር ልትል ጀምራ ነበር። ንጉሡ መንገዱን ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን በታክሲ ቁመት ነው። ከጣሪያው ላይ የሰማይ መሰንጠቅ የሚመስል ድምፅ ወጣ፤ ድስቱ ተወርውሮ በሩን መታ፤ አር ቪው ተነቃንቆ ቆመ። ወደፊትም አይሄድ፣ ወደኋላም አይመለስ። ጠርሙስ አፍ ላይ እንደተወተፈ ቡሽ ሆኑ።

ከኋላቸው መኪናዎች ተደርድረው ጥሩምባ ይነፋሉ፤ ንጉሡ ግን ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ድንጋዩን ያያል። ስልኩ ጮኸ፤ ይስሐቅ ነው፤ ዮዲ እናቷን እየጠራች ነው፣ የት ደረሳችሁ ይላል። የዓለምዘርፍ ቅርብ ነን አለችና ወረደች።

አንዲት ረጋ ያለች ፖሊስ መጥታ ጣሪያውን አየች፣ ጎማውን አየች። መጎተቻ መኪና ቢጠራ ብዙ ሰዓት እንደሚፈጅ ነገረቻት፤ ከጎማዎቹ ነፋስ ቢወጣ ግን ትንሽ ዝቅ ይልና ሊላቀቅ ይችላል አለች። የዓለምዘርፍ ልጇ ምጥ ላይ መሆኗን ስትነግራት ፖሊሷ ወዲያው ተንበረከከች። ሁለቱ ሴቶች በየጎማው እየዞሩ ነፋሱን አስተነፈሱ። አር ቪው እንደደከመው ዝሆን ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ቀጥ አድርጎ ወደኋላ የሚያወጣው ሰው ያስፈልግ ነበር። ንጉሡ ሊነዳ ሞከረ፤ ማርሹን አስገብቶ መልሶ አወጣው። ወርዶ መንገዱ ዳር ቆመ። ፊቱ የሌላ ሰው ፊት ሆኗል። የዓለምዘርፍ ደግሞ ያንን መኪና አንድ ቀን እንኳ ነድታው አታውቅም፤ ማን ሰጥቷት። አሁን ወጥታ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠችና በመስኮት ራሷን አወጣች።

"ንጉሡ" አለችው፣ "እኔ ከኋላ አይታየኝም። አንተ ምራኝ።"

መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ በዝግታ ወደ ኋላ ሄደ፣ በመስታወቱ ውስጥ ይታያት ጀመር፣ አንድ እጁን አነሳ። "ነይ" አለ፤ ድምፁ ቀጭን ነበር። "ነይ። ነይ። ግራ ያዢ። መልሺው። ነይ።" ጣሪያው ድንጋዩን ፋቀው። "ነይ፣ አይዞሽ፣ ቀጥ አርጊው፣ ነይ።" እየቆየ ድምፁ ወፈረ፣ እጁ ሰፋ፤ ፖሊሷ ከኋላ መኪናዎቹን ዳር እያስያዘች መንገድ ትከፍትለታለች። ድንገት ብርሃን የፊት መስታወቱን ሞላው። ወጡ። ከተደረደሩት መኪናዎች የአንዱ ሾፌር ሲያጨበጭብ ሌሎቹም ተከተሉት፤ ቅድም ጥሩምባ ሲነፋ የነበረው ሳይቀር።

በተኛ ጎማ እያነከሱ እስከ ቅርቡ ነዳጅ ማደያ ደረሱ፣ ነፋስ ሞሉ። ከዚያም የዓለምዘርፍ መሪውን ሳትለቅ፣ ማንም ልቀቂ ሳይላት፣ እስከ ሆስፒታሉ ነዳችው። ክፍሉ ውስጥ ስትገባ ዮዲ እጇን ዘረጋች፤ ያንን እጅ ይዛ ቆየች። ከቀትር በኋላ አንዲት ሴት ልጅ ተወለደች፤ ጩኸቷ ኮሪደሩ ላይ የቆመውን አያቷን አስለቀሰው።

ሁሉም ሲረጋጋ ዮዲ ለምን እንደዘገዩ ጠየቀች። ንጉሡ አልጋው ግርጌ ቆሞ ጫማውን ያይ ነበር። የዓለምዘርፍ የልጅቷን ጨርቅ እያስተካከለች፣ ቀና ሳትል መለሰች።

"መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። አባትሽ በአቋራጭ አወጣኝ እንጂ አልደርስልሽም ነበር።"

ከዚያ ቀን በኋላ ንጉሡ ሌላ ሰው ሆነ። ይስሐቅ የየድልድዩን ከፍታ የሚያውቅ፣ ለትልልቅ መኪና የተሠራ ጂፒኤስ ገዝቶ ሰጠው፤ ሊቀ መንገድም እንደ ተማሪ እያዳመጡ ይታዘዙት ጀመር። ውስጡ ያለችው ሴትዮ ታጠፍ ስትለው ይታጠፋል፣ ቁም ስትለው ይቆማል። የሚሄዱበት ቦታ ሁሉ በሰዓቱ ይደርሳሉ። ያሰቡት ካምፕ ያሰቡበት ቦታ ላይ ይገኛል። ጋሪም የለ፣ ገበሬም የለ። የዓለምዘርፍ መጀመሪያ ተመስገን አለች፤ ቀጥሎ ማዛጋት ጀመረች። በመንገድ ላይ ስለ አንድ ከተማ ስትጠይቀው "እኔ ምን አውቃለሁ" ሲላት ደግሞ ዘወር ብላ አየችው።

ልጅቷ ክርስትና ከተነሳች በኋላ ወደ ባሕር ጉዞ ጀመሩ። ትልቁን የባሕር ሰላጤ ድልድይ ተሻግረው ወደ ሜሪላንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ ወጡ፤ አገሩ ጠረጴዛ የመሰለ ሜዳ ነው። የምትነዳው የዓለምዘርፍ ናት። ጂፒኤሷ ሴትዮ ብዙ ማይል ቀጥ ብለው እንዲሄዱ አዘዘች፤ ንጉሡ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጨዋ ሆኖ ተቀምጧል። በስተቀኝ በበቆሎ ማሳ መሀል የምትገባ አንዲት ቀጭን አስፋልት ታየች።

"ንጉሡ" አለችው፣ "በዚያች በኩል አያቋርጥም?"

እየቀለደችበት እንደሆነ ለማወቅ ዘወር ብሎ ፊቷን አየ። እሷ መንገዱን ነው የምታየው።

"ታውቃታለህ ብዬ ነው" አለች።

ንጉሡ ጉሮሮውን ጠረገ። መንገዷ የድሮ ዓሣ ነጋዴዎች መንገድ እንደነበረች፣ ባሕሩ ዳር ድረስ በእጥፍ እንደምታሳጥር፣ ይህንን ያጫወተው አንድ የጥንት ደንበኛው እንደሆነ መናገር ጀመረ። መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ፣ ከዚያ በጣቱ እያመለከተ። የዓለምዘርፍ ባሏ ከዚያ ቀን በፊት ሰላጤውን ተሻግሮ እንደማያውቅ ታውቃለች። የቀኙን ፍሬቻ አበራች። አር ቪው ታጠፈ፤ በቆሎው በግራና በቀኝ መስኮቱን እየዳበሰ ዋጣቸው፤ ሴትዮዋ ተመለሱ፣ ተመለሱ እያለች ጮኸች። ባሕሩ በየት በኩል እንደቀረ አንዳቸውም አያውቁም ነበር፤ ሊቀ መንገድ ግን እየመሩ ነው።