የደረጃው ሥር ቦታና ሦስት ጊዜ የጠየቀው ስልክ

የሕንፃው የሞባይል ነጋዴዎች ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ ጥቅምት 4 ቀን 2007 ዓ.ም.
ቦታ፦ መርካቶ፣ ሲኒማ ራስ አጠገብ፣ የሕንፃው ሁለተኛ ፎቅ፣ የአቶ ባህረዲን መጋዘን (ወንበር ስላልነበረ በቻርጀር ካርቶን ላይ ተቀምጠናል)
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡25

የስብሰባው ምክንያት፦ አዲሱ የስልክ ሲስተም አፕዴት ከፊታችን ሐሙስ ጀምሮ ይለቀቃል። አማርኛ ከነመጻፊያው በውስጡ አለ።

የተገኙ፦
1. ሐጂ ዘይኑዲን፣ የስልክ ጅምላ ነጋዴ፣ ሰብሳቢ
2. አቶ ባህረዲን፣ የቻርጀርና የፓወር ባንክ አስመጪ፣ አባል
3. ወ/ሮ ሰዓደት፣ የስልክ ከቨር ቸርቻሪ፣ አባል
4. አቶ ደምመላሽ፣ ያገለገሉ ስልኮች ሻጭ፣ አባል
5. አሸብር፣ ስክሪን ቀያሪ፣ ጸሐፊ

ያለ ድምፅ የተገኘች፦ ሸዋርካብሽ፣ ከደረጃው ሥር የመስታወት ሣጥን ዘርግታ በስልክ ላይ አማርኛ የምትጭን። የተጠራችው ጉዳዩ ስለሚመለከታት ነው።

ያልተገኙ፦ አቶ ኢስሀቅ ዕቃ ለማስለቀቅ ጉምሩክ ሄደዋል። ወ/ሮ ፈሪዳ ሥራ ይዞኛል ብለው ቀርተዋል፤ ሆኖም ስብሰባው እስኪያልቅ ደረጃው ላይ ቆመው ሲያዳምጡ ታይተዋል። ከሰባት አባላት አምስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

በተለመደው አሠራር መሠረት ሁሉም ስልካቸውን ሰብሳቢው ፊት ባለው የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ አስቀመጡ። በስብሰባ መካከል ስልኩን ያነሳ ለሁሉም ሻይ ይጋብዛል። አቶ ደምመላሽ ሁለት ስልክ አስገቡ። ሦስተኛው ከኪሳቸው ሲጮህ የእሳቸው እንዳልሆነ አስረድተዋል።

የሐጂ ስልክ ከዱባይ የመጣ በመሆኑ አፕዴቱ ከሌሎቹ ቀድሞ ደርሶታል። ሳፋው ውስጥ ሊገባ ሲል አሁን ይጫን ወይ ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀ። ሐጂ በኋላ የሚለውን ነክተው አስቀመጡት።

አጀንዳ 1፦ ከአፕዴቱ ጋር የሚመጡ አዳዲስ ነገሮች

አቶ ባህረዲን ወንድማቸው ከዱባይ የላከላቸውን ዝርዝር አነበቡ።

ሀ) ባትሪ ቆጣቢ። ስልኩ ሲደክም ራሱን አደብዝዞ ዕድሜውን ያራዝማል። አቶ ባህረዲን ይህ ነገር ለአገር እንደማይበጅ ገለጹ። ወ/ሮ ሰዓደት ለአገር ነው ወይስ አሁን ለተቀመጥንበት ካርቶን ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሏል።

ለ) የጠፋ ስልክን ከሩቅ መቆለፊያ። አቶ ደምመላሽ ነጥቡ ይዘለል አሉ። ለምን ሲባሉ ጊዜ ለመቆጠብ ነው አሉ። ተዘለለ።

ሐ) «አትረብሽ» የሚባል መጥሪያ ማፈኛ። ሲነካ ስልኩ ጥሪ ይቀበላል እንጂ አይጮህም። ሐጂ በዚህ ላይ ረዘም ያለ አስተያየት ሰጡ። ዋናው ሐሳብ፦ «የመርካቶ ሰው ስልክ ካላነሳ ሞቷል ተብሎ ድንኳን ይተከላል» የሚል ነው።

መ) አማርኛ። አቶ ባህረዲን ይህኛው እጅግ ጥሩ መሆኑን ተናግረው የዝርዝሩን ወረቀት አጥፈው ያዙ።

አቶ ባህረዲን ቀጥለው ኮሚቴው «መ»ን ተቀብሎ «ሀ»ንና «ሐ»ን ለኩባንያው እንዲመልስ ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ሰዓደት በበኩላቸው፣ «ይኼ እኮ ቦንዳ ነው ባህረዲን! የልብስ ቦንዳ ከፍተህ፣ ጃኬቱን ወስደህ፣ የተቀደደ ካልሲውን ለነጭ መልሰህ ታውቃለህ?» አሉ። አቶ ባህረዲን ሞክረው እንደማያውቁ አመኑ። ከረጅም ውይይት በኋላ ማኅተም ያለበት የመመለሻ ደብዳቤ እንዲጻፍ ተወሰነ። የኩባንያው አድራሻ ስላልታወቀ ደብዳቤው ለአቶ ባህረዲን ወንድም ይላካል።

በዚህ መካከል የሐጂ ስልክ ከሳፋው ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ጠየቀ። ሐጂ ሳያነሱት፣ በጣታቸው ብቻ፣ በኋላ አሉት። ሻይ ያስጋብዛል አያስጋብዝም በሚለው ላይ ክርክር ተነሥቶ በይደር ታልፏል።

አጀንዳ 2፦ የደረጃው ሥር ቦታ

ጸሐፊው የ2003 ዓ.ም. ውሳኔን አነበቡ። ቦታው ለሸዋርካብሽ የተሰጠው «በሱቆቹ የማይገኝ አገልግሎት እስከሰጠች ድረስ» ነው።

አቶ ባህረዲን አገልግሎቱ ሐሙስ ከስልኩ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ቦታው ለእሳቸው ካርቶን ይሁን አሉ። በግል ቅሬታ እንደሌላቸውና ልጅቱን እንደ እህታቸው እንደሚያዩ አክለዋል።

ሸዋርካብሽ ዕድል ተሰጥቷት፣ «ጋሼ ባህረዲን፣ እርስዎ ሦስት መጋዘን አለዎት። እኔ ያለችኝ ያቺ ብቻ ናት። እሷም ብትሆን ቀና ስል ጭንቅላቴን ትመታኛለች» አለች። አቶ ባህረዲን መልቀቋ ለጭንቅላቷም እንደሚበጅ ገለጹ።

ወ/ሮ ሰዓደት፣ «ሰው ውጭ አገር ላለ ልጁ በአማርኛ መጻፍ የጀመረው በዚህች ልጅ እጅ ነው፤ እናቴ ራሷ መልእክት የምትልክልኝ እሷ በጫነችላት አማርኛ ነው» ሲሉ ተቃወሙ። ሐጂ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ «እኔም አዝናለሁ። ግን የተጻፈ ውሳኔ ነው። በተጻፈ ነገር ምን ይደረጋል?» አሉ።

ድምፅ ተሰጠ፦ ሦስት ድጋፍ፣ አንድ ተቃውሞ። የጸሐፊው እጅ ብዕር ይዞ ስለነበር ድምፀ ተአቅቦ ሆኖ ተቆጥሯል። ሸዋርካብሽ ሐሙስ እስኪመሽ ቦታውን እንድትለቅ ተወሰነ። እሺ ብላ ሣጥኗን ልታሽግ ወረደች።

9፡25 ላይ ለዐስር ሶላት ዕረፍት ሆነ።

አጀንዳ 3፦ (አስቀድሞ ያልተያዘ) የሐጂ ስልክ

ስብሰባው 9፡50 ሲቀጥል የሐጂ ስልክ ሳፋው ውስጥ አልነበረም። ከሶላት መልስ ለሦስተኛ ጊዜ ስለጠየቃቸው እሺ ብለውታል። ለምን ተብለው ሲጠየቁ፣ «ሦስት ጊዜ የለመነ አይመለስም። አባቴም መልሶ አያውቅም» አሉ። አቶ ባህረዲን፣ «ሐጂ፣ ስልክ እንግዳ ነው እንዴ?» ብለው ብዙ ሳቁ።

ስልኩ ተጭኖ ሲነሳ ሙሉ በሙሉ አማርኛ ሆኗል።

ሐጂ ለሾፌራቸው ለበሽር መደወል ነበረባቸው። አብነት ሰፈር የቆመው መኪና ወደ ጅማ ከመነሳቱ በፊት አሥራ ሁለት ካርቶን መጨመር አለበት። ኮንታክት የሚለውን ፈለጉ፤ የለም። ሴቲንግ ፈለጉ፤ የለም። አቶ ደምመላሽ ተቀብለው «ቅንብሮች» የሚል አነበቡ፤ የቅመም ዝርዝር ሳይሆን አይቀርም አሉ። «እውቂያዎች» የሚለውን ማንም ሊደፍረው አልፈለገም። ሐጂ ስልኩን መልሰው ያዙ። አቶ ባህረዲን በሐጂ ትከሻ ላይ አንገታቸውን ሲያስገቡ ሐጂ ስክሪኑ ላይ «አትረብሽ» የሚል አዩ። «ልክ ነው፤ ባህረዲን፣ አትረብሽ!» ብለው ነኩት።

ከዚያ በኋላ በሽር ስድስት ጊዜ ደውሏል። ስልኩ ስድስቱንም ጊዜ በርቶ ጠፋ እንጂ አልጮኸም። የትኛው እንደሚነካ አምስታችንም ተነጋገርን፤ አልተስማማንም። ሐጂ ተነሥተው ቆሙ። የሚከተለው ቃል በቃል ተመዝግቧል፦

«አርባ ዓመት አማርኛ ተናግሬአለሁ። ይኼን አማርኛ አላውቀውም። አውጡልኝ!»

ማን ያውጣው ሲባል ሁሉም ወደ ደረጃው ተመለከተ። ወ/ሮ ፈሪዳ ከቆሙበት ሆነው፣ «አሽጋ ልትሄድ ነው፣ ቶሎ በሉ!» ሲሉ ተሰሙ። ያልተገኙ አባል በመሆናቸው አስተያየታቸው እዚህ መግባት አልነበረበትም። ጸሐፊው እየሮጡ ወረዱ።

ሸዋርካብሽ ሣጥኗን በገመድ አስራ፣ በእቅፏ እንደያዘችው ወጣች። ስልኩን ተቀብላ አራት ቦታ ነካች። እንግሊዝኛው ተመለሰ፤ «አትረብሽ»ም ጠፋ፤ ስልኩ ወዲያው ጮኸ። በሽር ነበር። ሐጂ ካርቶኑ እስኪደርስ መኪናው እንዲቆም አዘዙ፤ ቀጥለውም «አልሐምዱሊላህ» ብለው ካርቶን ላይ ተቀመጡ።

ወ/ሮ ሰዓደት ሐሙስ ስንት ሰው እንዲህ ሆኖ እንደሚመጣ ጠየቁ። ሸዋርካብሽ፣ «እትዬ፣ አራት ዓመት አማርኛ ሳስገባ ኖርኩ። ከሐሙስ ጀምሮ ደግሞ ሳስወጣ ልኖር ነው መሰለኝ። ግን ሣጥኑን የት ላስቀምጠው?» አለች።

ሐጂ ጸሐፊውን የ2003ቱን ውሳኔ ደግመህ አንብብ አሏቸው። «በሱቆቹ የማይገኝ አገልግሎት» የሚለው ሲደርስ፣ «በቃ። ይኸው ተጽፏል አላልኩም?» አሉ።

ውሳኔ

1. በአጀንዳ 1 የተወሰነው የመመለሻ ደብዳቤ ተሽሯል። ቦንዳው እንዳለ ይገባል።
2. በአጀንዳ 2 የተወሰነው ተሽሯል። ሸዋርካብሽ በቦታዋ ትቀጥላለች። ገመዱን አቶ ባህረዲን ራሳቸው እንዲፈቱ ተወስኖ ፈትተዋል።
3. ስልክ ያነሳ ሻይ ይጋብዛል የሚለው ደንብ ለዛሬ ብቻ፣ ለሰብሳቢው ብቻ ተሽሯል። ወ/ሮ ሰዓደት ተቃውመዋል፤ ሐጂም ተሸንፈው ለሁሉም ሻይ አዝዘዋል።

ስብሰባው 11፡05 ላይ ሻይ እየተጠጣ ተበትኗል።

ማስታወሻ፦ አባላት ከሳፋው ስልካቸውን ሲያነሱ የአቶ ባህረዲን ስልክም (እሱም ከዱባይ የመጣ ነው) አሁን ይጫን ወይ ብሎ ሲጠይቅ ተገኝቷል። ከስብሰባው በፊት አንድ ጊዜ ጠይቆ ስለነበር ይህ ሁለተኛው ነው። እምቢ ማለታቸውን ሁላችንም አይተናል። ሦስተኛው ሐሙስ ጠዋት ይጠበቃል። አቶ ባህረዲን ሲወርዱ ከደረጃው ሥር ቆመው ሸዋርካብሽ ሐሙስ ስንት ሰዓት እንደምትከፍት ጠይቀዋል።