ታምቡሩን ያጠበቅሁበት ጠዋት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም አልደፈርኩም፤ ብደፍርስ መጀመሪያ ስለ መኪና ፍሬን ላስረዳቸው ነው፣ ኑዛዜ ደግሞ በትምህርት አይጀመርም። እናንተ ግን አታውቁኝምና ታገሡኝ።

የቤት መኪና ፍሬን ሁለት ዓይነት ነው። ፊት ጎማ ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ ዲስክ ነው፤ ከጎማው ጋር የሚዞር የብረት ሳህን፣ የፍሬን ሸራ የሚባለው መያዣ ከግራና ከቀኝ ጭምቅ አድርጎ የሚይዘው። ገላጣ ነው። ነፋስ ያገኘዋል፣ ቶሎ ይበርዳል፤ ሸራው ሲሳሳ ራሱ ይጠጋል፣ ማለቁንም ጎንበስ ብሎ ያየ ሁሉ ያውቃል። የአሮጌ መኪና የኋላ ፍሬን ግን ታምቡር ነው፤ የተከደነ ድስት በሉት። ሸራዎቹ ውስጥ ሆነው ወደ ውጭ እየገፉ ይይዛሉ። ሙቀቱንም አቧራውንም ችሎ ይቀመጣል፤ ሳይከፍቱት ሆዱ አይታወቅም። ሸራው ሲሳሳ ከጀርባው ባለች ቀዳዳ ካቻቪቴ አስገብቶ ጥርስ ያላትን ማስተካከያ ማዞር ነው። በልኩ ካጠበቁት ደኅና ይይዛል። ካበዙት ጎማው ጨርሶ አይዞርም።

እኔ ይህን የተማርኩ ሴት ነኝ። ተምሬ ግን ጋራዥ መግባት አፈርኩና ሰበታ በሚገኝ ማሠልጠኛ በጠመኔ መኪና ስፈታ እኖራለሁ። በእጄ የምነካው የአባቴን መኪና ብቻ ነበር፤ እሱንም ጎረቤት እንዳያየኝ የግቢውን በር ዘግቼ። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ስለ መኪና የሚያውቁት መንዳቱን ነው፤ ለሌላው እኔን ያምኑ ነበር።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ነው። በዙሪያችን ያለው ገበሬ ከተማው መሬቴን ሊውጠው ነው ብሎ ሰግቷል፤ ልጆቹ ከክፍል ወጥተዋል፤ መንገዱ በድንጋይ ይዘጋል፣ ተኩስ ይሰማል። ከቡራዩም ከሱሉልታም የሚመጣው ወሬ አንድ ነበር፤ የእገሌ ልጅ ተያዘ፣ የእገሌ ልጅ አልተመለሰም። በዚህ መሀል አንድ ማታ ከተፍኪ መርዶ መጣ። የአባቴ የልብ ወዳጅ ኦቦ ገመቹ ታመው ሞቱ፤ ቀብሩ ነገ ነው።

እናቴ የሞተች ጊዜ ኦቦ ገመቹ እህላቸውን አውድማ ላይ ጥለው መጥተው ከአባቴ ጎን ሰሌን ላይ የከረሙ ሰው ናቸው። ለቅሶ ደግሞ ብድር ነው።

«አባባ፣ መንገዱ ላይ መኪና እያቃጠሉ ነው፤ አይሂዱ» አልኳቸው።

«ገመቹን ሳልቀብር ብቀር ነው እንጂ የምቃጠለው» አሉኝ።

ጠዋት ኪዳን ሊያደርሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ክሪክ አወጣሁ። የቀኝ የኋላውን ጎማ አነሳሁና ማስተካከያዋን እስኪበቃት አጠበቅኳት፤ ከዚያ የግራውን። ዲስክ ቢሆን አሻራዬ ይታይ ነበር። ታምቡር ምስጢር ይጠብቃል።

አባቴ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መጡ። ሞተሩ ተነሣ፣ መኪናው አቃሰተ፣ ጎማው እምቢ አለ። «አይሄድም፣ አባባ» አልኩ። ደጃፋችን ላይ ሱቅ ያላቸው እትዬ ዘይነባ በበሩ ብቅ ብለው፣ «አይ አቶ መኮንን! ልጅዎ መኪና ተምራ መኪና አቁማ ቀረች!» ብለው ሳቁ። ያወቁብኝ መሰለኝ።

አባቴ ግን አልሳቁም። «ልጄ አይሄድም ካለች አይሄድም። ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ታምቡሩ ተጣብቋል፣ አባባ። ዕቃ ይፈልጋል።»

ታክሲ የለም፣ ባጃጅም የለም፤ ጉልበታቸው ደግሞ ለእግር መንገድ አይሆንም። ነጠላቸውን እንደዘቀዘቁ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ምሳ አቀረብኩ፤ አልቀመሱም። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሕይወት መቀመጣቸውን በመስኮት እያየሁ ደስ ብሎኝ ነበር።

አመሻሹ ላይ አባቴ ከኪዳን ሳይመለሱ ከሰፈራችን በሰው መኪና ተጭነው ለቀብሩ ሄደው የነበሩ ለቅሶኞች ተመለሱ። ደኅና ናቸው። መንገዱ እንዴት ሆነላችሁ ስንል፣ ልጆቹ የተዘቀዘቀ ነጠላ ሲያዩ «ለቅሶኛ ነው፣ ይለፍ!» እየተባባሉ ድንጋዩን በእጃቸው አነሱልን አሉ። የኦቦ ገመቹ ባለቤት ኣዴ ጫልቱም ሳጥኑ ሲወጣ «ቆዩማ፣ አቶ መኮንን ይድረሱ» ብለው አስቁመው ነበር አሉ። ሰዉ ቆሞ ጠበቃቸው። ሳይመጡ ሲቀሩ ኦቦ ገመቹ ተቀበሩ።

አባቴ ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። እነዚያ ልጆች እኮ ግማሾቹ ያስተማርኳቸው ናቸው። በስማቸው የማውቃቸውን ልጆች ለቅሶኛ ያቃጥላሉ ብዬ ፈራኋቸው። ፍርሃት ሲያጠብቁት ልኩን አያውቅም። ደግሞ ሌላ ቀን፣ ሌላ መንገድ ላይ፣ የፈራሁት በሌላ ሰው ላይ ደርሶ ይሆናል፤ ይህንንም መካድ አልችልም። ልክ ነበርሽ ወይስ አልነበርሽም ብትሉኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁትም።

በማግስቱ ገና ሲነጋ ጎማዎቹን አንሥቼ ማስተካከያዎቹን አላላሁ። «ሲበርድለት ለቀቀ፣ አባባ» አልኳቸው። አመኑኝ። ሌሊቱን ሳይተኙ ስላደሩ መሪውን እኔ ያዝኩ፤ እትዬ ዘይነባ እያዩ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየ፣ ወደ ተፍኪ፣ ወደ ለቅሶው ቤት፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ ነዳሁ። ከከተማው ወጣ እንዳልን ድንጋዩ ተደርድሯል። ልጆቹ ነጠላችንን አይተው ሊያነሱ ሲመጡ በመስኮት አይቶ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ወርጄ ከአንዱ ጋር አንድ ትልቅ ድንጋይ በወዲህ ጫፉ ያዝኩ።

«ተይው ቲቸር፣ ይከብዳል» አለኝ።

አልተውኩም። አባቴ ከመኪናው ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠሩኝ።

«ቶሎ በይ ልጄ፣ አርፍደናል።»