ገመዱን የያዙት

ሐውልት ሊቆም ነው ሲባል የሚነሣውን ግፊያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰው ማለዳ ለሚኒባስ እንኳ እንዲያ አይጋፋም። ጭቃ ሲቦካ፣ ግንድ ሲነቀል ማንም ማንንም አይቀድምም፤ ስም በድንጋይ ሊቀረጽ ሲሆን ግን ሁሉም መጀመሪያ የመጣ ይሆናል።

ባለቤቴ ግርማ አቃቂ ጣቢያ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ካረፈ ዓመት አልሞላውም፤ ጥቁሬን ገና አላወለቅሁም። ወደዚህ ሜዳ ስንመጣ ቧንቧ የሚባል ነገር ስላልነበረ ለመንደሩ ጉድጓድ የቆፈረው እሱ ነው። ጉድጓዱ ዛሬ ተደፍኗል፤ የታክሲ ረዳቶች ግን እስካሁን «ግርማ ጉድጓድ ወራጅ አለ?» ይላሉ።

«መጀመሪያ የመጣነው እኛ ነን» ስል ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ጎረቤቴ አዴ ዲንቄ እንዳትሰማኝ። መሬቱ የወላጆቿ እርሻ ነበር፤ ውሃው የት እንዳለ ለግርማ ያሳዩትም አባቷ ናቸው። «እናንተ የመጀመሪያ ከሆናችሁ እኛ ምን ነበርን፣ እንግዳ ተቀባይ?» ትለኛለች። ሻይ እቀዳላታለሁ።

ዘንድሮ የሰፈሩን ቀዳሚዎች ስም በእብነ በረድ የሚያስቀርጽ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው አቶ ደሳለኝ ናቸው። የተቀረጸውን ሄጄ ባየው ግርማ የለም፣ የአዴ ዲንቄም አባት የሉም፣ ደሳለኝ ግን አለ፤ ያውም ከላይ።

በቀጥታ ወደ ዕድሩ ቤት ሄድኩ። አቶ ደሳለኝ ወንበር አቀረቡልኝ፤ እምቢ ሊል የተዘጋጀ ሰው ወንበር ማቅረብ ይወዳል። ኮሚቴው ያለ ማስረጃ አይሠራም አሉኝና አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ አወጡ። ጉድጓዱ በሚቆፈርበት ቀን የተነሣ ነው። ወንዶቹ አፉን ከበው ቆመዋል፤ ሁለቱ ወደ ታች የወረደ ገመድ ይዘዋል። አቶ ደሳለኝ፣ ያን ጊዜ ጎረምሳ፣ ወገባቸውን ይዘው ደረታቸውን ነፍተዋል። ለካስ ድንጋዩ ላይ የሰፈረው እዚህ ፎቶ ላይ የሚታየው ሰው ሁሉ ነው።

«ይኸው እትዬ ብርቄ፣ ጋሽ ግርማ የሉም» አሉኝ።

«ገመዱ ጫፍ ላይ ማን የታሰረ ይመስልዎታል?»

መነጽራቸውን አስተካክለው ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠጉትና አጥብቀው ተመለከቱ።

«አይታይም» አሉ።

በእውነቱ አይታይም። ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው እንዴት ይታይ? «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ያሉት አባቶቻችን ፎቶግራፍ አያውቁም ነበር ማለት ነው። ተነሥቼ ስወጣ አልቅሼ አልነበረም፤ እንባዬ የመጣው ቤት ገብቼ የግርማን አካፋ ከበሩ ጀርባ ሳየው ነው።

የምረቃው ቀን ጥቁር ነጠላዬን ለብሼ ከፊት ተቀመጥኩ። ከክፍለ ከተማ የምትመጣው የክብር እንግዳ ቃሊቲ ላይ መንገድ ጠፍቷት ደወለች። አቶ ደሳለኝ ማይክሮፎኑን መዝጋት ረስተው ኖሮ ድንኳኑ ሙሉ ሰማቸው፦ ያገኘሽውን ሰው ግርማ ጉድጓድ የት ነው ብለሽ ጠይቂ፣ የማያውቅ የለም።

እንግዳዋ ደረሰች። መጋረጃው ተገለጠ፣ ተጨበጨበ። እሷ ግን ድንጋዩን ከላይ እስከ ታች አንብባ፣ እንደገና ጀምራ፣ ወደ እኛ ዞር አለች።

«ግርማ የተባሉት የትኛው ናቸው?»

አቶ ደሳለኝ ሳል ያዛቸው። ልረዳቸው ተነሣሁ።

«ገና ጉድጓዱ ውስጥ ነው ልጄ» አልኳት፤ «ገመዱን የያዙት ሳያወጡት ለፎቶ ቆመው ቀሩ።»